ውሻው፣ ፈረሱና ኮዮቲው፦ ሕግ እንስሳን በምን ይመድባል?

  የዛሬው ትምህርታዊ ዝግጅታችን ስለ እንስሳት ነው። እርባታና ሕክምናውን ለባለሙያዎቹ እንተውና እኛ ስለ ሕጉ እናውራ። ሕግ እንስሳትን እንዴት ይመድባቸዋል? ምደባው እኛን፣ እዚህ በዳላስና በአካባቢው የምንኖረውን ሐበሾች፣ የት የት ይነካናል? ከመጀመሬ በፊት ሁለት ማሳሰቢያ አለኝ። አንደኛ፣ ይህ ትምህርት እንጂ የሕግ ምክር አይደለም፤ ጉዳይ ያለበት ሰው ጠበቃ ያማክር። ሁለተኛ፣ የምጠራቸው ቀናት፣ ወራትና ዓመታት፣ ካልተናገርኩ በስተቀር፣ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

ሳክሲን እንውሰድ። ከፕሩሲያ በመጣ ሰፋሪ ስም የምትጠራ፣ ከፊሏ ዳላስ ካውንቲ ከፊሏ ኮሊን ካውንቲ ውስጥ ያለች ከተማ ናት። ትናንት የእርሻ መሬት ነበረች፤ ዛሬ ቤት በቤት ሆናለች። ቢሆንም እርሻው ጨርሶ አልለቀቃትም። በአንድ ሰፈር ጓሮው ውስጥ ውሻ ያለው ሰው ታገኛላችሁ፤ ትንሽ ራቅ ስትሉ ከአጥር ጀርባ ፈረስ ይግጣል፤ ሲመሽ ደግሞ በወንዙ ዳር ኮዮቲ፣ ያ ቀበሮ መሳዩ አውሬ፣ ውር ውር ይላል። ሦስቱም ይራባሉ፣ ሦስቱም ይጠማሉ፣ ሦስቱንም ዱላ ያማቸዋል። የቴክሳስ ሕግ ግን ሦስቱን በሦስት የተለያዩ መዝገቦች ላይ ነው የጻፋቸው።

እኛም ብንሆን ያለ ምደባ አልኖርንም። የቀንድ ከብት፣ የጋማ ከብት፣ የዱር አራዊት እያልን ነው ያደግነው። ሰኮናው የተሰነጠቀና የሚያመሰኳ ይበላል፤ አህያ፣ ፈረስ፣ ጥንቸል አይበላም። ሙስሊም ወንድሞቻችንና እህቶቻችንም የየራሳቸው ሐላልና ሐራም አላቸው። ልዩነቱ፣ የእኛ ምደባ በእምነትና በልማድ የጸና ሲሆን የእዚህ አገሩ በአንቀጽና በቅጣት መታሰሩ ነው። አንዱን ነገር ከያዛችሁ ደግሞ የቀረው ሁሉ ይገባችኋል፦ ሕጉ ስለ እንስሳው ተፈጥሮ ብዙም አይጨነቅም፤ የሚጠይቀው ለሰው ምን ይሠራል ብሎ ነው። ስለዚህም ያው አንዱ እንስሳ ሥራው ሲቀየር መዝገቡም ይቀየራል።

የቴክሳስ የወንጀል ሕግ በእንስሳ ላይ የሚፈጸም ጭካኔን በሁለት አንቀጾች ይቀጣል። አንቀጽ 42.09 ለእርባታ እንስሳት ነው፤ ከብት፣ በግ፣ ፍየል፣ አሳማ፣ ሰጎን፣ ለምግብ የሚረቡ ዶሮዎች፣ እንዲሁም ፈረስ፣ በቅሎና አህያ እዚህ ውስጥ ይገባሉ። አንቀጽ 42.092 ከእርባታ ውጪ ላሉት ነው፤ ውሻ፣ ድመት፣ ባለቤት አልባ የሆኑትም ጭምር፣ እና ተይዞ የሚኖር የዱር እንስሳ። ሁለቱ የተለያዩት በ2007 ነው።

አሁን ሁለቱን አንቀጾች ጎን ለጎን አድርጋችሁ አንብቡልኝ። ውሻ ያለው ሰው ምግብ፣ ውሃ፣ እንክብካቤና መጠለያ የመስጠት ግዴታ አለበት። ላም ያለው ሰውስ? ምግብ፣ ውሃና እንክብካቤ። መጠለያ የሚለው ቃል የለም። አገር ቤት ከብት የጠበቀ ሰው ነገሩን አያጣውም፤ የግጦሽ ከብት ሜዳ ላይ ነው የሚውለው። ግን ልዩነቱ በዚህ አያበቃም። ውሻ ላይ ጭካኔ የፈጸመ ሰው ሆን ብሎም ይሁን እያወቀ ወይም በግዴለሽነት ቢያደርገው ይጠየቃል። ላም ላይ የፈጸመ ግን ሆን ብሎ ወይም እያወቀ ማድረጉ መረጋገጥ አለበት፤ ግዴለሽነት ብቻውን አይበቃም። ቅጣቱም እንደዚያው ነው። ውሻን ወይም ድመትን ያሠቃየ ሰው፣ ከ2017ቱ ማሻሻያ ወዲህ፣ ከ2 እስከ 10 ዓመት እስር ይጠብቀዋል። ፈረስን ወይም ፍየልን ያሠቃየ ሰው ግን ከ180 ቀን እስከ 2 ዓመት ነው። ሕመሙ አንድ ነው፤ የወንጀሉ ደረጃ ግን ተለያየ። እንደ እኔ እንደ እኔ የመጠለያው ልዩነት ምክንያት አለው፤ የቅጣቱ ልዩነት ግን ከእንስሳው ይልቅ ከባለ እርባታዎቹ ጉልበት ጋር የሚሄድ ይመስለኛል።

ስለ ውሻ ካነሳን፣ ለብዙዎቻችን የሚጠቅም አንድ ሕግ አለ። አገር ቤት ውሻ ቀን ታስሮ ይውላል፣ ማታ ይፈታል፤ ሥራው ግቢ መጠበቅ ነው። ያንን ልማድ ይዞ እዚህ የመጣ ሰው ሊቸገር ይችላል። በ2021 ሰኔ ገዥው ግሬግ አቦት ስለ ውጪ ውሻ የተዘጋጀውን ረቂቅ ውድቅ አደረጉት፤ ሕዝቡ ተቆጣ፤ በዚያው ዓመት ጥቅምት ላይ የተስተካከለውን ፈረሙ። ከጥር 18 ቀን 2022 ጀምሮ በሥራ ላይ ነው። ውሻን ውጪ ያለ ጠባቂ በሰንሰለት ማሰር አይቻልም። ክብደት ያለው ነገር አንገቱ ላይ ማንጠልጠልም አይቻልም። በሌላ ማሰሪያ ከታሰረ ማሰሪያው ቢያንስ 10 ጫማ ወይም የውሻውን ርዝመት አምስት እጥፍ፣ ከሁለቱ የሚበልጠውን ያህል መርዘም አለበት። በቂ መጠለያ፣ ጥላና ንጹሕ ውሃ ሊኖረው ይገባል። መጀመሪያ የተያዘ ሰው እስከ 500 ዶላር ይቀጣል። ቀድሞ የነበረው ሕግ ፖሊሱ መጀመሪያ አስጠንቅቆ 24 ሰዓት እንዲጠብቅ ያስገድደው ነበር፤ ያ ቀርቷል።

ወደ ኮዮቲው እንምጣ። የጭካኔው ሕግ ያልተያዘ የዱር እንስሳን ከነጭራሹ አይመለከትም። ወንዝ ዳር የሚዞረው ኮዮቲ ስለዚህ በዚያ አንቀጽ ዓይን የለም ማለት ነው። ያው ኮዮቲ ግን ተይዞ በሽቦ ቤት ቢገባ፣ ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ይሆናል። በአንድ በኩል በጭካኔው ሕግ ይጠበቃል፤ በሌላ በኩል ደግሞ አደገኛ አውሬ ይባላል። ቴክሳስ የአደገኛ አውሬዎች ዝርዝር አላት፦ አንበሳ፣ ነብር፣ አቦሸማኔ፣ ድብ፣ ዝንጀሮ፣ ጎሪላ እያለ ይሄዳል። ጅብም አለበት። የሐረር ሰዎች በእጃቸው ሥጋ የሚያጎርሱትን ጅብ እዚህ ለማኖር የሚሻ ሰው መጀመሪያ መመዝገብ፣ ቢያንስ የ100,000 ዶላር ኢንሹራንስ መግዛት አለበት፤ ያም የከተማው ወይም የካውንቲው ደንብ ከፈቀደለት ነው። የሐረሩ ጅብ ይህን ቢሰማ ምን እንደሚል እንጃ።

(አጭር ሙዚቃ)

አድማጮቻችን፣ እስካሁን እንስሳት እንዴት እንደሚጠበቁ ነው ያወራነው። ለመሆኑ እንስሳው ራሱ በሕግ ፊት ምንድን ነው? ለዚህ መልሱ እዚሁ ፎርት ወርዝ ውስጥ የሆነ ታሪክ አለው።

በ2009 ሰኔ፣ ነጎድጓድ ባለበት ቀን፣ ኤቨሪ የሚባል ውሻ ከግቢው አምልጦ ወጣ። የከተማው የእንስሳት ተቆጣጣሪዎች አገኙትና ወደ መጠለያው ወሰዱት። ባለቤቱ ፈልጎ ደረሰበት፤ ግን ለማስለቀቂያ የሚከፈለውን 80 ዶላር በዚያን ሰዓት በኪሱ አልያዘም ነበር። ግድ የለም፣ ገንዘቡን ይዘህ ተመለስ ተባለ። ውሻው ያለበት ቤት ላይ ለባለቤቱ ይቆይ የሚል ምልክት ተደረገ። ባለቤቱ ሲመለስ ውሻው የለም። አንዲት ሠራተኛ በስህተት ሊገደሉ ከተመደቡት ጋር ጽፋው ነበር።

ባልና ሚስቱ ከሰሱ። ገንዘብ ፈልገው እንዳይመስላችሁ፤ የሚጠይቁት ይህ ውሻ ለእኛ የነበረው ዋጋ ይቆጠርልን ነው። የመጀመሪያው ፍርድ ቤት ክሱን ዘጋው። የፎርት ወርዝ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ተቀበለው። ክርክሩ ጥሩ ነበር፦ በቴክሳስ ከአያት የወረደ ቅርስ በሰው ጥፋት ቢጠፋ ፍርድ ቤት የስሜቱን ዋጋ ሊያስከፍል ይችላል፤ ለአሮጌ ዕቃ የተፈቀደ ለውሻ ለምን ይከለከላል? ጉዳዩ ወደ ቴክሳስ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሄደ። ሚያዝያ 2013 ላይ ዳኛ ዶን ዊሌት በጻፉት ውሳኔ ፍርድ ቤቱ የይግባኙን ፍርድ ሻረ። ውሻ ለቤተሰቡ ምን ያህል እንደሚወደድ አልካዱም። ሕጉ ግን፣ በ1891 እንደተወሰነው ሁሉ፣ ንብረት ነው ይለዋል፤ ካሳውም የገበያ ዋጋው ወይም ለባለቤቱ ከሚሰጠው ጥቅምና አገልግሎት የሚመነጨው ዋጋ ነው። ፍቅር አይቆጠርም።

ልብ በሉ፣ ያን ውሻ ሆን ብሎ ያሠቃየ ሰው እስከ 10 ዓመት ሊታሰር ይችላል፤ በስህተት የገደለው ግን የሚከፍለው የአንድ ተራ ውሻ ዋጋ ነው። በወንጀል ሕጉ ሕመም የሚሰማው ፍጥረት ነው፣ በፍትሐ ብሔሩ ዕቃ ነው። አገር ቤትም ቢሆን ከዚህ አይርቅም፤ በእኛ አቆጣጠር የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ እንስሳን በባለቤቱ በኩል ነው የሚያየው፣ እንስሳው ባደረሰው ጉዳት ባለቤቱን ይጠይቃል።

የፌዴራሉን ሕግ ደግሞ አጠር አድርገን እንየው። የተወለደው ከውሻ ስርቆት ነው። በ1965 ፔፐር የምትባል ነጭና ጥቁር ዝንጉርጉር ውሻ ከፔንሲልቫኒያ እርሻ ጠፋች፤ ቤተሰቡ ፍለጋ ሲባዝን እሷ ኒው ዮርክ ሆስፒታል ውስጥ በምርምር ሙከራ ላይ ሞታ ነበር። በዓመቱ ላይፍ መጽሔት የውሻ ነጋዴዎችን ግቢ በፎቶግራፍ አወጣው፤ ምክር ቤቱ በደብዳቤ ተጥለቀለቀ። ፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን፣ የቴክሳሱ ሰው፣ ነሐሴ 24 ቀን 1966 ሕጉን ፈረሙ። መጀመሪያ የተመለከተው ውሻ፣ ድመት፣ ጦጣና ዝንጀሮ፣ ጥንቸል፣ ሃምስተርና ጊኒ ፒግ ነበር። በ1970 ሰፋ፤ ደመ ሞቃት እንስሳት በርካቶቹ ገቡ። ታዲያ ቤተ ሙከራ ውስጥ ከማንም በላይ የሚሞተው አይጥ ነው፤ እሱስ? በ2002 ምክር ቤቱ ቃሉን አስተካከለ፦ ለምርምር የተረቡ አይጦችና ወፎች በዚህ ሕግ እንስሳ አይባሉም። አዎ፣ በትክክል ሰምታችኋል። አይጥ በሕጉ እንስሳ አይደለም። ለምግብ የሚረባ ከብትም፣ እባብና ዓሣም ውጪ ናቸው።

ጥንቸልን ተከተሏት። በዩኒቨርሲቲ ቤተ ሙከራ ውስጥ ካለች የፌዴራል ተቆጣጣሪ ቤቷን ይለካል። ለሥጋ ከተረባች ተቆጣጣሪው አይመጣም። የልጃችሁ መጫወቻ ሆና ቤታችሁ ካለች በቴክሳሱ የጭካኔ አንቀጽ ትጠበቃለች። ጥንቸሏ ያችው ናት።

እርድ ላይ ስንደርስ ነገሩ ወደ ቤታችን ይቀርባል። በ1958 የወጣው የፌዴራል ሕግ ከብት፣ በግ፣ አሳማ ከመታረዳቸው በፊት ደንዝዘው ሕመም እንዳይሰማቸው ያዛል። በእምነት ሥርዓት የሚደረገውን እርድ ግን፣ የአይሁድም የሙስሊምም፣ ሕጉ ራሱ ተገቢ እርድ ብሎ ተቀብሎታል። ዶሮ? ሕጉ ውስጥ የለችም። በዚህ አገር ከሚታረዱት የመሬት እንስሳት እጅግ የሚበዛው ዶሮ ነው፤ የእርዱ ሕግ ግን አያውቃትም። ይህን ማንም ሊከላከልለት የሚችል ምክንያት እስካሁን አልሰማሁም።

በዓል ሲደርስ በጋራ በግ የምንገዛ ብዙዎች ነን። እዚህ ላይ የዩለስ ከተማን ጉዳይ ማወቅ ይጠቅማል፤ ኤርፖርቱ አጠገብ ያለችው ዩለስ። አንድ የሳንቴሪያ እምነት ካህን በቤቱ ለሥርዓት ፍየል እንዳያርድ ከተማው ከለከለው። ከሰሰ። በ2009 ሐምሌ አምስተኛው የፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤት በቴክሳስ የሃይማኖት ነጻነት ሕግ መሠረት ፈረደለት። አንዳንዱ ወገናችን ይህን ሰምቶ እንግዲያው ጓሮዬ ውስጥ ማረድ እችላለሁ ይላል። ተጠንቀቁ። ፍርዱ የተሰጠው እምነቱ ራሱ መሥዋዕቱን ግዴታ ለሚያደርግ ሰው ነው። የፋሲካ በግ ለእኛ ባህልና ደስታ ነው፤ ዳኛ ፊት የሚቆምበት መሠረት ሌላ ነው። በሕይወት ያለ በግ ቤት ከማምጣታችሁ በፊት የከተማችሁን ደንብ ጠይቁ፤ ወይም እርባታው ቦታ ላይ ሥርዓት ባለው መንገድ ይታረድላችሁ። አውራ ዶሮም እንደዚያው፤ ዳላስ ከተማ ውስጥ አውራ ዶሮ ማኖር ክልክል ነው፣ እንቁላል ጣይዋ ትፈቀዳለች።

ፈረስ ግን የእርባታ እንስሳ ሆኖ የማይበላ ነው፤ በዚህ የቴክሳስ ሰዎች ከእኛ ጋር ይስማማሉ። ቴክሳስ በ1949 የፈረስ ሥጋን ለሰው ምግብ መሸጥ የሚከለክል ሕግ አውጥታ ነበር። ሕጉ ተረስቶ ኖረ። ፎርት ወርዝ ላይ አንድ፣ ከዳላስ ደቡብ ምሥራቅ ባለችው ኮፍማን አንድ፣ ሁለት የፈረስ ቄራዎች ሥጋውን ወደ አውሮፓ ይልኩ ነበር። ጥር 2007 ላይ ያው አምስተኛው ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት የ1949ኙ ሕግ አልሞተም አለ፤ ሁለቱም ተዘጉ። ልክ ከ10 ዓመት በኋላ፣ በ2017፣ ቢሾፍቱ ላይ የተከፈተው የአህያ ቄራ የሕዝብ ቁጣ ተነሥቶበት ተዘጋ። በየካቲት 2024 ደግሞ የአፍሪካ መሪዎች አዲስ አበባ ላይ ተሰብስበው አህያን ለቆዳዋ ማረድን ከለከሉ። የቢሾፍቱ አርሶ አደርና የኮፍማን ነዋሪ ተገናኝተው አያውቁም፤ ያንኑ ምደባ ግን ያውቁታል፦ የሚሠራልህን አትበላውም። ነገር ግን የቴክሳሱ ፈረስ አልዳነም፤ በጭነት መኪና ድንበር ተሻግሮ ሜክሲኮ ይታረዳል። ቄራውን መዝጋት ለሕጉ ቀሎታል፤ መንገዱን ግን አልዘጋውም።

የመጨረሻው ጉዳይ ታክሲ፣ ኡበርና ሊፍት የምትሠሩትን፣ ሆቴልና ምግብ ቤት ያላችሁንም ይመለከታል። ኤርፖርት ላይ ጉዞ ተቀብላችሁ ደንበኛው ከውሻ ጋር ቆሟል እንበል። ከመጋቢት 2011 ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው የፌዴራል ደንብ ሰርቪስ አኒማል ማለት አካል ጉዳተኛን ለመርዳት የሠለጠነ ውሻ ነው፤ ሠልጥኖ ከሆነ ትንሹ ፈረስም ተፈቅዷል። ስሜት ለማረጋጋት ብቻ የሚያዝ እንስሳ በዚህ አይቆጠርም። እናንተ መጠየቅ የምትችሉት ሁለት ነገር ብቻ ነው፦ ውሻው የሚያስፈልገው በአካል ጉዳት ምክንያት ነው? ምን ሥራ እንዲሠራ ነው የሠለጠነው? ወረቀት አሳየኝ ማለት፣ ሕመምህ ምንድን ነው ማለት አይቻልም። ውሻ እፈራለሁ፣ ጠረኑ ይረብሸኛል፣ አለርጂ አለብኝ ማለትም ለመከልከል ምክንያት አይሆንም። ውሻው ባለቤቱ ሊገታው ያልቻለ ከሆነ ወይም መኪናውን ካቆሸሸ ነው መብት የሚኖራችሁ። ብዙ ሹፌሮቻችን በዚህ ምክንያት አካውንታቸው ተዘግቶባቸዋል።

ሳክሲም ሆነ ሌላ ከተማ የምትኖሩ፣ ውሻ ወይም ድመት ካላችሁ 16 ሳምንት ሳይሞላው የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት አስከትቡ፤ የቴክሳስ ሕግ ያዛል። የክትባቱን ወረቀት አትጣሉ። ውሻችሁ ሰው ቢነክስ ለ10 ቀን ተለይቶ ይጠበቃል፤ ወረቀቱ ያን ቀን ያስፈልጋችኋል። ማይክሮቺፕ አስደርጉ፤ ስልክ ቁጥራችሁን ስትቀይሩም አድሱት። ቢጠፋ ነገ ዛሬ ሳትሉ በዚያው ቀን በአካል ወደ ከተማችሁ መጠለያ ሂዱ፤ የሚከፈል ነገር እንዳለ አስባችሁ ገንዘብ ይዛችሁ ውጡ፤ ሳታገኙት አትመለሱ።